በጥቁር የአቧራ ደመና ውስጥ ያለውን ቀዝቃዛ ሃይድሮጅን መለካት፦ ከዳታ ማውረድ እስከ መጨረሻው ቁጥር

ይህን ስራ የሚሞክሩ ተማሪዎች አብዛኞቹ የሚሰናከሉት አንድ ቦታ ላይ ነው። የ21 ሴንቲሜትሩን ስፔክትረም (የአቶማዊ ሃይድሮጅን የሬዲዮ ጨረር በየፍጥነቱ የተዘረዘረበትን) ያወርዳሉ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይደምሩታል፤ «ደመናው ውስጥ ያለው አቶማዊ ሃይድሮጅን ይህን ያህል ነው» ብለው ይጽፋሉ። መልሱ መቶ እጥፍ ገደማ የበዛ ይሆናል። የደመሩት በዚያ አቅጣጫ ከእኛ እስከ ጋላክሲው ዳር ያለውን ጋዝ ሁሉ ነዋ! የደመናው ድርሻ እዚያ ውስጥ ሰምጦ ቀርቷል።

ጥቁር ደመና ውስጥ ሃይድሮጅኑ አብዛኛው ሞለኪውል ሆኗል። አቶሞቹ የአቧራ ቅንጣት ላይ ተገናኝተው ሁለት ሁለት ሆነው ተጣምረዋል። ሞለኪውሉን የሚሰብረውን የከዋክብት አልትራቫዮሌት ብርሃን አቧራው ይከልለዋል። ኮስሚክ ሬይን (ከህዋ የሚመጡ ፈጣን ቅንጣቶችን) ግን አያግደውም። ስለዚህ ጥቂት ሞለኪውል ሁልጊዜ ይሰበራል፤ ጥቂት አቶምም ሁልጊዜ አለ። ይህ ጋዝ ከ10 እስከ 15 ኬልቪን አካባቢ ነው። ከጀርባው ያለው የጋላክሲው ጋዝ ደግሞ ሞቃትና ብሩህ ነው። ቀዝቃዛው ፊት ላይ ሲቆም የጀርባውን ጨረር ይመጥጣል፤ ስፔክትረሙ ላይም ቀጭን ስርጉድ ይታያል። የምንለካው ይህን ስርጉድ ነው እንጂ ከፍታውን አይደለም።

ዲ ሊ እና ፖል ጎልድስሚዝ በ2003 ባወጡት ጥናት በአሬሲቦ ቴሌስኮፕ በሠውርና በፐርሲየስ ህብረ ከዋክብት አካባቢ 31 ጥቁር ደመናዎችን አይተው 77 በመቶው ላይ ስርጉዱን አግኝተዋል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ደመናውን በደንብ ከመረጣችሁ እንግዲህ ስርጉዱ አለመታየቱ ነው የሚገርመው።

ምን ያስፈልጋል

- 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ። ከዚያ ያነሰም ይሰራል፤ ደረጃ 4ን እንደተጻፈው ከተከተላችሁ።
- ቢያንስ 5 ጊጋባይት ባዶ ቦታ።
- ፓይተን፣ ከነምፓይ፣ ሳይፓይ፣ አስትሮፓይና ማትፕሎትሊብ ጋር።
- ተቆርጦ ቢቀር ካቆመበት የሚቀጥል የዳውንሎድ ፕሮግራም። ብሮውዘር አይበቃም። ፋይሉ 2 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ 90 በመቶ ላይ ኔት ተቋርጦ ከዜሮ መጀመር ያናድዳል።
- ወረቀትና እስክሪብቶ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 2 ላይ ትደርሱበታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ደመናውን ምረጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አትራቀቁ፤ ኤል 1544ን ውሰዱ። ሠውር ህብረ ከዋክብት ውስጥ ነው፤ ርቀቱ 170 ፓርሴክ (1 ፓርሴክ 3.26 የብርሃን ዓመት ነው) ገደማ። የሰማይ አድራሻው ይህ ነው፦ ራይት አሴንሽኑ (እንደ ኬንትሮስ ያለው) 5 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ፣ ዴክሊኔሽኑ (እንደ ኬክሮስ ያለው) +25 ዲግሪ ከ11 ደቂቃ ነው። የሞለኪውሎቹ ፍጥነት በእይታ መስመራችን ላይ 7.2 ኪሎሜትር በሰከንድ ነው። በ2022 በቻይናው ፋስት ቴሌስኮፕ የደመናው ማግኔቲክ ፊልድ 3.8 ማይክሮጋውስ ሆኖ የተለካው በዚሁ የሃይድሮጅን ስርጉድ ላይ ነበር። ስለዚህ ስርጉዱ እዚያ እንዳለ አስቀድሞ ይታወቃል። ዘዴያችሁ ካላሳያችሁ ችግሩ ዘዴያችሁ ላይ ነው።

ሌላ ደመና ከፈለጋችሁ አራት ነገር ተመልከቱ።

1. ዴክሊኔሽኑ ከ−1 እስከ +37 ዲግሪ መካከል ይሁን። የምንጠቀምበት ዳታ ከዚያ ውጭ የለም።
2. ደመናው ሰማይ ላይ ከ4 አርክ ደቂቃ (አንዱ የዲግሪ ስልሳኛ ነው) አይነስ። ካነሰ የቴሌስኮፑ ቢም (በአንዴ የሚያየው የሰማይ ክብ) ደመናውን ከአካባቢው ጋር ያቀላቅለዋል።
3. የሞለኪውል መስመሩ አንድ ጫፍ ብቻ ይኑረው። ሌላው የሠውር ጥቁር ደመና ቲኤምሲ-1 ዝነኛ ነው፤ ግን ፍጥነታቸው የተቀራረበ ብዙ ክፍሎች አሉት። ለጀማሪ አይመከርም።
4. ከጀርባው በዚያው ፍጥነት ብሩህ ሃይድሮጅን ይኑር።

አራተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። የሚመጠጥ ጨረር ከጀርባ ከሌለ ስርጉድ የለም፤ ደመናው ቀዝቃዛ ሃይድሮጅን ቢሞላም አይታይም። የሠውር አካባቢ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ከጋላክሲው ማዕከል በተቃራኒ አቅጣጫ ስላለ የጋላክሲው ሽክርክሪት እዚያ ያለውን ጋዝ ወደ እኛም አያቀርበው፣ ከእኛም አያርቀው። ከጀርባ ያለው ጋዝ ሁሉ ዜሮ ፍጥነት አካባቢ ይከማቻል፤ ደመናዎቹም እዚያው አካባቢ ናቸው።

ደረጃ 2፦ ሶስት ቁጥሮችን አስቀድማችሁ ጻፉ

ከሁሉ የሚበልጠው ደረጃ ይህ ነው። ስፔክትረሙን ከመክፈታችሁ በፊት ሶስት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ይስፈሩ፦ ፍጥነት፣ ሙቀት፣ ወርድ። የሃይድሮጅን ስፔክትረም በጉብታና በስርጉድ የተሞላ ነው። ቀድማችሁ ካልወሰናችሁ ዓይናችሁ የወደደውን ስርጉድ ትመርጣላችሁ። ሁለት የጋዝ ክምችቶች በተለያየ ፍጥነት ሲሄዱ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ልክ ስርጉድ ይመስላል።

ፍጥነት። ከሃይድሮጅኑ ስፔክትረም አይወሰድም። ከሞለኪውል መስመር ውሰዱት፤ ካርቦን-13 ያለበት ካርቦን ሞኖክሳይድ ቢሆን ጥሩ ነው። ተራው ካርቦን ሞኖክሳይድ መስመሩ ስለሚወፍር ለፍጥነትም ለወርድም አይታመንም።

ማስጠንቀቂያ፦ ፍጥነቱ በየትኛው ማጣቀሻ እንደተሰጠ እዩ። የሬዲዮ ዳታ የሚጠቀመው የአካባቢው ከዋክብት አማካይ እንቅስቃሴን ነው፤ አንዳንድ ካታሎጎች ግን ከፀሐይ አንጻር ይሰጣሉ። ፀሐይ ከአካባቢዋ አንጻር ወደ 20 ኪሎሜትር በሰከንድ ትጓዛለች። ስለዚህ ስህተቱ ከስርጉዱ ወርድ ሃያ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ስርጉዱን ጭራሽ ሌላ ሰፈር ነው የምትፈልጉት።

ሙቀት። ከተራው ካርቦን ሞኖክሳይድ የ115 ጊጋኸርዝ መስመር ይገኛል። የመስመሩን ከፍታ በኬልቪን ውሰዱና (የሬዲዮ ጨረር ብርታትም በኬልቪን ነው የሚለካው) 0.82 ደምሩበት። 5.53ን ለዚህ ድምር አካፍሉ፤ ባገኛችሁት ላይ 1 ደምሩና የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ውሰዱ። አሁን 5.53ን ለሎጋሪዝሙ አካፍሉ። ከፍታው 8 ኬልቪን ቢሆን ሙቀቱ 11.4 ኬልቪን ይወጣል። ዳታው ከሌላችሁ 12 ኬልቪን ይዛችሁ ጀምሩ፤ ከ10 እስከ 14 ያለውን ደግሞ ደረጃ 8 ላይ ትፈትኑታላችሁ።

የአሞኒያ ሙቀት ብቻውን አይበቃም። አሞኒያ የሚያሳየው የደመናውን እምብርት ነው፤ በ4 አርክ ደቂቃ ቢም የምታዩት ሃይድሮጅን ግን አብዛኛው ከዙሪያው ነው።

ወርድ። ሃይድሮጅን ቀላል አቶም ነው። በዚያው ሙቀት ከካርቦን ሞኖክሳይድ ይበልጥ ይንቀሳቀሳል፤ መስመሩም ይሰፋል። ስለዚህ የሞለኪውሉን ወርድ እንዳለ አትውሰዱ። እንዲህ ስሩ፦

1. የሃይድሮጅን የሙቀት ወርድ = 0.214 × የሙቀቱ ካሬ ሩት። በ12 ኬልቪን 0.74 ኪ.ሜ. በሰከንድ ይሆናል።
2. ካርቦን-13 ላለበት ሞለኪውል ሙቀቱን ለ29 አካፍላችሁ ያንኑ ስሩ። 0.14 ገደማ ይመጣል።
3. ከሞለኪውሉ የተለካ ወርድ ካሬ ላይ የ0.14ን ካሬ ቀንሱ። የቀረው የነውጥ ድርሻ ነው።
4. ያን ድርሻ በሃይድሮጅኑ የሙቀት ወርድ ካሬ ላይ ደምሩ፤ ካሬ ሩቱን ውሰዱ።

ለምሳሌ የሞለኪውሉ ወርድ 0.33 ቢሆን ነውጡ 0.30 ይሆናል፤ የሃይድሮጅኑ ስርጉድ ወርድም 0.80 ኪ.ሜ. በሰከንድ። ወርድ ስንል ሁሌም በግማሽ ከፍታ ላይ የሚለካው ነው።

ደረጃ 3፦ ትክክለኛውን ዳታ አውርዱ

ብዙዎች እዚህ ጋ የሚያወርዱት ኤችአይ4ፒአይ የሚባለውን የሙሉ ሰማይ ካርታ ነው፤ ቀላልና ንጹሕ ስለሆነ። ለዚህ ስራ ግን አይሆንም። የፍጥነት ጥራቱ 1.49 ኪ.ሜ. በሰከንድ ነው፤ ስርጉዳችን 0.8 ነው። ቢሙም 16 አርክ ደቂቃ ነው። ስርጉዱ ተለጥጦ ይጠፋል።

የሚያስፈልጋችሁ ጋልፋ የተባለው የአሬሲቦ ሰርቬይ ሁለተኛ ልቀት ነው፤ በ2018 የወጣው። ቴሌስኮፑ በታኅሣሥ 2020 መጀመሪያ ቢፈርስም ዳታው በነጻ ይገኛል። ቢሙ 4 አርክ ደቂቃ፣ ቻናሉ (አንዱ የፍጥነት እርምጃ) 0.184 ኪ.ሜ. በሰከንድ፣ ኖይዙ በአንድ ቻናል 0.35 ኬልቪን ገደማ ነው።

ጋልፋ በሁለት ዓይነት ኪዩብ (ሁለት የሰማይ ዘንግና አንድ የፍጥነት ዘንግ ባለው ፋይል) ይመጣል፤ ጠባብና ሰፊ። ጠባቡን ውሰዱ። ሰፊው ብዙ ፍጥነት ይሸፍናል፤ ግን አራት አራት ቻናል ተጨፍልቆ 0.736 ሆኗል። በስህተት ሰፊውን ያወረደ ሰው ስርጉዱን በአንድ ነጥብ ብቻ ያየዋል፤ ከኖይዝም አይለየውም። ለኤል 1544 ስሙ ላይ 076.00+26.35 የሚል ቁጥር ያለበትን ፋይል ፈልጉ፤ ቁጥሮቹ የኪዩቡ መሃል በዲግሪ ናቸው።

ፋይሉ ካልተከፈተ መጀመሪያ መጠኑን ሰርቨሩ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። መብራት ጠፍቶ በግማሽ የቀረ ፋይል ሄደሩ (መጀመሪያው ላይ ያለው መግለጫ) በትክክል ይነበባል፤ ዳታው ሲነካ ነው የሚበላሸው።

ደረጃ 4፦ ትንሽ ቁራጭ አውጡ

ኪዩቡን ሙሉ በሙሉ ወደ ራም አታምጡ። 512 በ512 ፒክስልና 2048 ቻናል ነው። አስትሮፓይ ፋይሉን ከዲስክ ላይ እያነበበ እንዲሰራ አድርጉና የሚያስፈልገውን ብቻ ቁረጡ፦ በደመናው ዙሪያ 60 በ60 ፒክስል፣ ፍጥነቱ ከ−30 እስከ +40 ኪ.ሜ. በሰከንድ። ቁራጩ 5.5 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። እሱን ለብቻው ሴቭ አድርጉ፤ ዋናውን ፋይል ከዚህ በኋላ አትንኩት።

እዚህ ጋ አራት ወጥመድ አለ።

- ራይት አሴንሽን በሰዓት ተሰጥቷችሁ ፕሮግራሙ ዲግሪ ይጠብቃል። በ15 አባዙ። ኤል 1544 76.07 ዲግሪ ላይ ነው።
- ነምፓይ ዘንጎቹን ገልብጦ ያነባል። ፍጥነት መጀመሪያ፣ ዴክሊኔሽን ቀጥሎ፣ ራይት አሴንሽን መጨረሻ።
- ሄደሩ ፒክስልን ከ1 ይቆጥራል፤ ፓይተን ከ0። የአንድ ቻናል ስህተት 0.18 ኪ.ሜ. በሰከንድ ነው፤ ቀላል አይደለም። በእጃችሁ አታስሉት፤ የአስትሮፓይን የኮኦርዲኔት መሣሪያ ተጠቀሙ።
- የፍጥነት እርምጃው 184 የሚል ከሆነ አሃዱ ሜትር በሰከንድ ነው። ለ1000 አካፍሉ።

መፈተኛ፦ ዜሮ ፍጥነት ኪዩቡ መሃል አካባቢ ነው። 7.2 ኪ.ሜ. በሰከንድ ከዚያ 39 ቻናል ያህል ርቆ ይገኛል። የእናንተ ቁጥር በብዙ ከተለየ ቆም በሉና ከአራቱ ወጥመዶች የትኛው እንደያዛችሁ ፈልጉ።

ደረጃ 5፦ ስርጉዱ የደመናው መሆኑን አረጋግጡ

አሁን ስፔክትረሙን አሳዩ። 7.2 ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ስርጉዱ መስመሩ ላይ፣ ግፋ ቢል በአንድ ቻናል ልዩነት መቀመጥ አለበት። ጥሩ! ግን ገና አልጨረሳችሁም። ሶስት ፈተናዎች ቀርተዋል።

1. የጎረቤት ፈተና። በአቧራ ካርታ ላይ ከደመናው ውጭ የሆኑ አራት ቦታዎች ምረጡ፤ ከ20 እስከ 30 አርክ ደቂቃ የራቁ። እዚያ ስርጉዱ መጥፋት ወይም በጣም መሳሳት አለበት። በሁሉም ቦታ እኩል ከታየ የደመናው አይደለም። የሁለት ክምችቶች ክፍተት ነው፤ ወይም ሰፊ ቀዝቃዛ ጋዝ ከፊት አለ።
2. የወርድ ፈተና። የስርጉዱን ወርድ ካሬ አድርጋችሁ በ21.9 አባዙ። የሚመጣው ጋዙ ሊኖረው የሚችለው ከፍተኛ ሙቀት ነው። 0.8 ወርድ 14 ኬልቪን ይሰጣል። 1.5 ከሆነ ግን 49 ኬልቪን ይመጣል፤ ያ ከደመናው እምብርት ሳይሆን ከዙሪያው ካለ ሌላ ቀዝቃዛ ጋዝ ሊሆን ይችላል። ከ0.5 በታች ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ ከ6 ኬልቪን ያንሳል፤ የኖይዝ ዝላይ መሆኑን ጠርጥሩ።
3. የሬዲዮ ምንጭ ፈተና። ከጀርባ ብርቱ የሬዲዮ ምንጭ፣ ለምሳሌ ሩቅ ጋላክሲ ካለ ስርጉዱ የሚመጣው ከእሱ ሊሆን ይችላል። ኤንቪኤስኤስ የተባለውን የሬዲዮ ምንጮች ሰርቬይ የ1.4 ጊጋኸርዝ ካርታ ክፈቱና ቢሙ ውስጥ ብሩህ ነጥብ ካለ ሁለትና ሶስት ፒክስል ፈቀቅ በሉ።

ኖይዙን ለመቀነስ ዘጠኝ ፒክስል አማካይ ወስዳችሁ «ኖይዙ በሶስት እጥፍ ቀነሰ» አትበሉ። ፒክስሉ 1 አርክ ደቂቃ ነው፣ ቢሙ 4። ጎረቤት ፒክስሎች አንዱን መረጃ ነው የሚደጋግሙት። ኖይዙን ከስሌት ሳይሆን ሃይድሮጅን ከሌለበት ፍጥነት ላይ በቀጥታ ለኩት።

ደረጃ 6፦ ያልተመጠጠውን ስፔክትረም መልሱ

ስርጉዱ ባይኖር ኖሮ ስፔክትረሙ ምን ይመስል ነበር? ይህን ሳታውቁ ጥልቀቱን መለካት አትችሉም። ብዙዎች በስርጉዱ ግራና ቀኝ ፖሊኖሚያል ይስላሉ። እሱ ለማመሳከሪያ ይሁን። ዲግሪውን በቀየራችሁ ቁጥር መልሱ ይቀየራል፤ የምትወዱት መልስ እስኪመጣ ድረስ የመቀያየር ፈተናም አለው።

የተሻለው ክርቾና ባልደረቦቹ በ2008 ያቀረቡት የሁለተኛ ዲሪቬቲቭ ዘዴ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። የጀርባው ጋዝ ሞቃት ስለሆነ ስፔክትረሙ ለስላሳና ሰፊ ነው። የደመናው ስርጉድ ቀጭንና ስለታም ነው። ሁለተኛ ዲሪቬቲቭ ስለታሙን ያጎላል፤ ለስላሳውን ችላ ይላል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

1. ለስርጉዱ ኦፕቲካዊ ውፍረት (ጋዙ ጨረሩን ምን ያህል እንደሚመጥጥ የሚገልጽ ቁጥር) አንድ ጋውሲያን (የደወል ቅርጽ ያለው ኩርባ) አዘጋጁ። መሃሉ 7.2፣ ወርዱ 0.80። እነዚህን ከደረጃ 2 አምጡ፤ ፕሮግራሙ እንዲያስተካክላቸው አትፍቀዱ። የምትቀይሩት ከፍታውን ብቻ ነው።
2. የጀርባ ድርሻውን አስሉ። የደመናውን ርቀት በጋላክሲያዊ ኬክሮሱ ሳይን አባዙ፣ ለ360 ፓርሴክ አካፍሉ፣ በ1.665 አባዙ። የዚህን ኮምፕሊመንተሪ ኤረር ፈንክሽን ውሰዱ፤ ሳይፓይ ውስጥ አለ። ለኤል 1544 ኬክሮሱ −9.7 ዲግሪ ነው፤ ምልክቱን ተዉት። ድርሻው 0.85 ይወጣል። ይህ ማለት ከሃይድሮጅኑ 85 በመቶው ከደመናው ኋላ ነው፤ የቀረው ከፊት ነው፣ አይመጠጥም።
3. ከፍታውን ከ0 ጀምራችሁ እስከ 3 በ0.01 እርምጃ ጨምሩ። በእያንዳንዱ ላይ ለየቻናሉ ይህን አስሉ («ምጥ» ጋዙ የሚመጥጠው መጠን ነው፤ «ሙሉ» የተመለሰው ስፔክትረም፣ «ድርሻ» ከላይ ያገኛችሁት የጀርባ ድርሻ)፦

ምጥ = 1 − ኤክስፖኔንሻል(−ውፍረት)

ሙሉ = [የታየ + (3.5 − ሙቀት) × 0.9 × ምጥ] ÷ [1 − ድርሻ × ምጥ]

3.5 ኬልቪን የሰማዩ ጀርባ ነው፤ 2.7ቱ የዩኒቨርስ ጥንታዊ ጨረር፣ የቀረው የጋላክሲው። 0.9 ደግሞ ከፊት ያለው ጋዝ ኦፕቲካዊ ውፍረት 0.1 ነው ከሚል ግምት የመጣ ነው።

4. የ«ሙሉ»ን ሁለተኛ ዲሪቬቲቭ ከ7.2 ግራና ቀኝ 1.5 ኪ.ሜ. በሰከንድ ውስጥ አስሉ፤ ካሬ አድርጋችሁ ደምሩ።
5. ድምሩ ትንሹ የሆነበት ከፍታ መልሳችሁ ነው።

ውጤቱን በዓይን ፈትሹት። ስርጉዱ ገና ካለ አላደረሳችሁም። በስርጉዱ ቦታ እንደ ኮረብታ ጉብ ያለ ነገር ከበቀለ አብዝታችኋል። ከጉብታው ግራ ወይም ቀኝ ስርጉድ ከቀረ ደግሞ ፍጥነቱ ተዛንፏል፤ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱና የቻናል ቁጥሩን እዩ።

ዝቅተኛ ነጥብ ካልተገኘ። ሁለተኛ ዲሪቬቲቭ ኖይዝንም ያጎላል። በ0.184 ቻናልና 0.35 ኬልቪን ኖይዝ፣ የዲሪቬቲቩ ኖይዝ 0.86 ኬልቪን በቻናል ካሬ ይሆናል። ጥልቀቱ 20 ኬልቪን የሆነ ስርጉድ መሃሉ ላይ 5.9 ይሰጣል፤ ይታያል። ጥልቀቱ 2 ኬልቪን ከሆነ ግን 0.6 ብቻ ነው፤ ከኖይዙ በታች። እንዲህ ያለውን በዚህ ዳታ በአንድ ፒክስል አትልፉበት። በደመናው ቅርጽ ዙሪያ ሰፋ ያለ አማካይ ውሰዱ፤ ካልሆነ «ከዚህ አይበልጥም» የሚል ጣሪያ አስቀምጡ። ጣሪያ መስጠት ሽንፈት አይደለም።

የውሸት ስርጉድ ፈተና። ከደረጃ 5 የጎረቤት ቦታዎች አንዱን ውሰዱ። በላዩ ላይ ውፍረቱን የምታውቁት ስርጉድ ራሳችሁ ትከሉበት፤ ከዚያ ዘዴያችሁን አሂዱ። 0.6 ተክላችሁ 0.6 አካባቢ ካገኛችሁ ቀጥሉ። 0.9 ካገኛችሁ የዚያ አካባቢ ጀርባ ራሱ ሸካራ ነው፤ ልዩነቱን በስህተት ወሰናችሁ ውስጥ አስገቡት። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ፈተና ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል።

ደረጃ 7፦ ቁጥሩን አውጡ

ቀመሩ አጭር ነው፦

የዓምድ እፍጋት = 1.94 × 10¹⁸ × ሙቀት × የመሃል ውፍረት × ወርድ

መልሱ አቶም በካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ የደመናው አቶሞች በእይታ መስመራችን ላይ ተደምረው ማለት ነው። እስቲ በምሳሌ ቁጥር እንሂድ። የተመለሰው ስፔክትረም በ7.2 ላይ 60 ኬልቪን ነው እንበል፤ የታየው 40። ጥልቀቱ 20 ኬልቪን ሆነ።

- 0.85 × 60 = 51
- (3.5 − 12) × 0.9 = −7.65
- ድምራቸው 43.35
- 20 ÷ 43.35 = 0.461
- ውፍረት = −ሎጋሪዝም(1 − 0.461) = 0.62
- የዓምድ እፍጋት = 1.94 × 10¹⁸ × 12 × 0.62 × 0.80 = 1.15 × 10¹⁹

በዚያ አቅጣጫ ያለው ጠቅላላ አቶማዊ ሃይድሮጅን 10²¹ አካባቢ ነው። መጀመሪያ ያልኩት መቶ እጥፍ እዚህ ታየ።

ሎጋሪዝሙ ስህተት ካሳየ። ጥልቀቱ ከ43.35 ከመሰለው ድምር በልጧል ማለት ነው። በዚያ ግምት ጋዙ ከሚችለው በላይ መጥጧል። ወይ ሙቀቱን አብዝታችኋል፣ ወይ የጀርባ ድርሻውን አሳንሳችኋል፣ ወይ «ሙሉ»ው ራሱ ከፍ ብሏል። የመጀመሪያውን መጀመሪያ ፈትሹ፤ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

ደረጃ 8፦ ስህተቱን ተምኑ፣ ከሞለኪውሉ ጋር አስተያዩ

የስፔክትረሙ ኖይዝ እዚህ ብዙም አያስጨንቅም። መልሱን የሚያናውጡት ሁለቱ ግምቶች ናቸው። ወርዱን ሳንነካ ሙቀቱን ብቻ እንቀይር፦ በ10 ኬልቪን 9.1 × 10¹⁸፣ በ14 ኬልቪን 1.4 × 10¹⁹፣ በ20 ኬልቪን 2.5 × 10¹⁹። የመጨረሻውን ጣሉት፤ 0.8 ወርድ ያለው ጋዝ ከ14 ኬልቪን በላይ ሊሞቅ አይችልም ብለናል። ድርሻውን 0.7 ብታደርጉት 1.6 × 10¹⁹፣ 1 ብታደርጉት 9.0 × 10¹⁸ ይመጣል።

ሁለቱንም በአንድ ላይ በዘፈቀደ እየቀየራችሁ አንድ ሺህ ጊዜ አሂዱት። ላፕቶፕ በሴኮንዶች ይጨርሰዋል። የመልሶቹን መካከለኛና ስርጭት ጻፉ።

ከዚያ ሞለኪውላዊውን ሃይድሮጅን ከአቧራው አምጡ። የአቧራው ብርሃን መከለል በማግኒቲውድ (የከዋክብት ድምቀት መለኪያ) ከተሰጠ በ9.4 × 10²⁰ አባዙት። 8 ማግኒቲውድ 7.5 × 10²¹ ይሰጣል። ሁለት ጥንቃቄ፦ የአቧራ ካርታው በ4 አርክ ደቂቃ የተለሰለሰ ይሁን፤ ደመናው ውጭ ያለው አቧራም ተቀንሶ ይሁን። የኤል 1544 እምብርት በጥሩ ጥራት ሲታይ እጅግ የታመቀ ነው። በ4 አርክ ደቂቃ ቢም የተለካውን አቶማዊ ሃይድሮጅን ለዚያ ቁጥር ብታካፍሉት ጥምርታው ያለ አግባብ ያንሳል።

አቶማዊውን ለሞለኪውላዊው ስናካፍል በምሳሌያችን ጥምርታው 1.5 × 10⁻³ ሆነ፤ ሊ እና ጎልድስሚዝ ካገኙት አማካይ ጋር የሚገጥም። የእናንተ ቁጥር ከ10⁻² ከበለጠ ወይ ከፊት ያለ ሌላ ጋዝ ገብቷል፣ ወይ ደመናው ገና ወጣት ነው። ሁለተኛውን ከመጻፋችሁ በፊት የመጀመሪያውን በጎረቤት ፈተና አስወግዱ። ከ10⁻⁴ ካነሰ ደግሞ ኮስሚክ ሬይ ብቻውን ከሚያስቀረው በታች ልትወርዱ ነው፤ በደረጃ 4 ያለውን አሃድና በደረጃ 6 ያለውን ድርሻ እንደገና እዩ።

ጥምርታውን ወደ ዕድሜ የመቀየር ጉጉት ይመጣል። እነ ጎልድስሚዝ በ2005 በዚህ መንገድ ሄደው ለእነዚህ ደመናዎች ከ3 እስከ 10 ሚሊዮን ዓመት አግኝተዋል። ያን ለማድረግ ግን የዓምድ እፍጋት አይበቃም፤ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ስንት ሞለኪውል እንዳለ ያስፈልጋል፤ ለእሱም የደመናውን ጥልቀት መገመት አለባችሁ። 4 አርክ ደቂቃ በኤል 1544 ርቀት 0.2 ፓርሴክ ነው። ደመናው ወደ ኋላም ያን ያህል ነው ብላችሁ ከጀመራችሁ ግምታችሁን ሪፖርቱ ላይ በግልጽ ጻፉት። ከእሱ ጋር የተጠቀማችሁበትን ሙቀት፣ ድርሻ፣ ወርድ፣ የፒክስል ቁጥርና የኪዩቡን ዓይነት አስቀምጡ። እነዚህ ከሌሉ ሌላ ሰው ያንኑ ዳታ ከፍቶ የእናንተን ቁጥር መልሶ ሊያገኘው አይችልም።